ጥላችን የጠፋበት ቀትር

እኔ ድሮም ደንጋጣ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ልጆቼ «አንቺን ማስደንገጥ እንደ ሙያ አይቆጠርም» እያሉ ይቀልዱብኛል። የባለፈው ሳምንቱ ግን ሌላ ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርቴን በፌስታል ይዤ፣ ወደ ባልባላ የሚሄድ ሚኒባስ ለመያዝ እዚህ ጅቡቲ ከተማ መሃል ያለውን ሜኔሊክ አደባባይ ሳቋርጥ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ከአንድ ወጣት አስተማሪ ጋር ክብ ሠርተው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው የወደቀ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። የወደቀ ሰው የለም። መሃላቸው አንድ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል፣ እነሱም ስልካቸውን ወደ ጠርሙሱ ደግነዋል። ምኑ ነው የሚታየው ብዬ ሳይ፣ ጠርሙሱ ጥላ የለውም። ቀና ብዬ የመብራት ምሰሶውን አየሁ፣ እሱም የለውም። የራሴን እግር አየሁ። ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ። አንዲት ልጅ ቲማቲሜን እየለቀመች መጀመሪያ በሶማልኛ፣ ፊቴን አይታ ደግሞ በፈረንሳይኛ፣ «አይዞዎት ማማ፣ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ስለሆነች ነው፤ ስልኩ ደቂቃውን ሳይቀር ነግሮናል» አለችኝ። ፎቷቸውን አንስተው፣ ተሳስቀው፣ ቀዝቃዛ ነገር ሊጠጡ ሄዱ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ አንዳቸውም አለመደንገጣቸው ነው። እኛ በነሱ ዕድሜ ይህንኑ ባየን ጊዜ የልብ ጓደኛዬ ከትምህርት ቤትም ከአገርም ልትወጣብኝ ነበር።

ዘመኑን በትክክል አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረትና እኔ ተስማምተን አናውቅም። የማስታውሰው የድሬዳዋ ባቡር በሰላም ይመጣና ይሄድ እንደነበር፣ ባጌት የሚባለው ረጅሙ ዳቦ በሃያ ፍራንክ ይገዛ እንደነበር፣ በአምስት ፍራንክ ደግሞ የተፈጨ በረዶ ላይ ቀይ ሽሮፕ አፍስሰው ይሰጡን እንደነበር ነው። ወንዶቹ ከጉልበታቸው በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን ይጠርጉ ነበር። የሶማሌ ሴቶች ዲራ የሚባለውን ስስ ቀሚሳቸውን እያንሳፈፉ ሲያልፉ እኛ ልጆች ሽቷቸውን ተከትለን እስከ መታጠፊያው እንሄዳለን። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ቤታችን ጥግ ላይ አንድ ካፌ ነበረ፤ የየመን ዘፈን ሲያበቃ የሶማልኛ፣ የሶማልኛው ሲያበቃ የአማርኛ ካሴት ይገባል፣ ደንበኞቹም ሁሉንም እኩል ያንጎራጉራሉ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ነው ያለው። ሻጩ ልጅ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ ብቻውን ነው የሚወዛወዘው። ባየሁት ቁጥር የታመመ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ልብስ ትሰፋለች። ትምህርት የምንማረው አበሾቹ አዋጥተው በተከራዩት ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ አሸዋማ ግቢ። አስተማሪያችን መምህር ልሳኑ ይባላሉ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ከረባታቸውን አይፈቱም፤ ሒሳብም አማርኛም ያስተምሩናል፣ ዓይናቸው የሚበራው ግን ስለ ሰማይ ሲያወሩ ነው። ግሎብ የሚባል ነገር ስላልነበረን ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ብርቱካኗን ትንሽ ያዘነብሏታል፣ ክብሪት ይሰኩባታል፣ መስኮቱን ዘግተው የባትሪ መብራት ያበሩባታል። «ፀሐይ ሄደች ተመለሰች እንላለን እንጂ የምትሄደው እሷ አይደለችም» ይሉናል፤ «ምድር እንዲህ እንዳዘነበለች ነው የምትዞራት። ስለዚህ ፀሐይ ግማሹን ዓመት ወደ ሰሜን፣ ግማሹን ወደ ደቡብ ያጋደለች ትመስለናለች። እኛ መሃል ስለሆንን ስታልፍም ስትመለስም በአናታችን ላይ ታልፋለች። ሚያዝያ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ አንዴ።» ከዚያ ክብሪቱ ከመብራቱ ፊት ለፊት ሲደርስ ጥላው እንዴት እንደሚዋጥ ያሳዩናል። እኛም አየን አየን ብለን ብርቱካኗ የምትላጥበትን ሰዓት እንጠብቃለን። ያመነ የለም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሙሉ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳትጠየቅ መልሱን የምትናገር ልጅ። እናቷ እትዬ አስካለ፣ ፕላቶ በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። እናትና ልጅ ከግቢው ጀርባ ባለች የሠራተኛ ክፍል ይኖራሉ፤ የቪላው እመቤት፣ ማዳም፣ የፈቀደችው ልጅቷ በፊት ለፊት በር እንዳትታይ በሚል ውል ነው። እትዬ አስካለ ለዚህች ልጅ ያላቸውን ሁሉ ነበር የሚሰጡት። እኔ በእናቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለብስ፣ ሙሉ ግን ሽንሽን ቀሚስና ነጭ ካልሲ አላት። «እኔ የሰው ሳህን አጥቤ እሞታለሁ፣ እሷ ግን ትማራለች» ይሉ ነበር እናቴ ዘንድ ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ።

ጅቡቲን የማያውቅ ሰው ቀትር ላይ ያለችውን ጅቡቲ አያውቃትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ መኪና ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ጫት የጫኑት መኪኖች ጡሩንባቸውን እየነፉ እስኪመጡ ድረስ መንገድ ላይ የምታገኙት ካርቶን የሚያኝኩ ፍየሎችን ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ማቀዝቀዣው በዛና ሰው እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል እንጂ፣ ያኔ ቀትር ላይ ውጭ የቆመ ሰው ወይ ያበደ ነው ወይ የተቀጣ። ለዚህ ነው ሚያዝያ መጥታ ስታልፍ፣ ነሐሴም መጥታ ስታልፍ፣ ጥላው የት እንደገባ ልብ ያለ ሰው ያልነበረው።

መምህር ልሳኑ ግን አንድ ቀን፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ወደ ቤት ልንሄድ ደብተራችንን ስንሰበስብ «ቆዩ» አሉን። ግቢው መሃል አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለው በክብ አቆሙን። አሸዋው በጫማችን ውስጥ ያቃጥላል። ጥላው አጥሯል፣ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከዚያ ጣት አከለ። ከዚያ እንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። መምህሩ «አሁን የራሳችሁን እዩ» አሉ። አየሁ፤ እግሬ አለ፣ ቀሚሴ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አንዱ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፣ አንዱ ጥላውን ሊያመጣ ይመስል ግቢውን ሮጦ ዞረ። ሙሉ ብቻ እጇን ዘርግታ ልክ ከክንዷ ሥር መሬቱ ላይ የወደቀውን ጥቁር መስመር እያየች «ብርቱካኗ እውነቷን ነው» አለች።

ሙሉ የሠራችው ስህተት፣ ስህተት ከተባለ፣ ማታ ሳህን ሲያጥቡ በደስታ ለእናቷ መንገሯ ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ጥላዬ ጠፋ» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ሳህኑን ለቀቁት። ያደጉት ወሎ ነው፤ ልጅ ሆነው ቀትር ላይ ከቤት እንዳይወጡ፣ የቀትር ጋኔን እንዳይለክፋቸው ተመክረው ያደጉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ጥላ ወጊን ይፈራሉ። ጥላ ወጊ ሰውዬውን ሳይነካ ጥላውን ይወጋል፣ ጥላው የተወጋ ሰው ደግሞ እየከሳ እየጠወለገ ይሄዳል ይባላል። እንግዲህ የተወጋ እንዲህ ከሆነ፣ ጭራሽ የጠፋበትስ? ልጃቸውን ወደ መብራቱ ወስደው አገላብጠው አዩ፤ ግድግዳው ላይ ጥላዋ አለ። እሱም አላረጋጋቸውም። «ተወስዶ የተመለሰ ነው፣ ሁለተኛ አይመለስም» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሙሉን ትምህርት ቤት እንዳትሄድ ከለከሏት፤ በሚቀጥለው ባቡር ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ፣ ጠበል ልትገባ፣ እዚያው ልትቀር ተወሰነ።

ሙሉ ግን እናቷ ገበያ ሲሄዱ በኋላ በር ወጥታ መጣች። ክፍል ስትገባ ዓይኗ አብጧል። «ባቡር ላይ ልትጭነኝ ነው» አለችኝ። እኔ፣ እንደነገርኳችሁ ደንጋጣዋ፣ የቀሚሷን ጫፍ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። ጓደኛ ማጣት ምን እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር። መምህር ልሳኑ ነገሩን ሲሰሙ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ'ኮ ላስተምር ነው ያልኩት» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። ከትምህርት በኋላ እትዬ አስካለን ሊያነጋግሩ ወሰኑ። እትዬ አስካለ ግን ቀደሟቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መምህሩ እንደገና ግቢ አወጡን፤ ጥላው የሚጠፋው ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ዛሬም ነገም ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ ሊያሳዩን ነበር። እንጨቱን ከበን እንደቆምን የግቢው በር በኃይል ተከፈተ። እትዬ አስካለ ናቸው። ነጭ ሽርጣቸውን አልፈቱም፣ እግራቸው ላይ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው፣ ከፕላቶ ድረስ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው መጥተዋል። የምሳ ሰዓት ነበር። ማዳም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅበት ሰዓት።

«ልጄን ስጡኝ» አሉ። «መምህር፣ እርስዎን አምኜ ነበር። ከነሙሉ አካሏ የሰጠኋችሁን ልጅ…» አልጨረሱትም፤ ትንፋሽ አጠራቸው። መሃላችን ድረስ መጥተው ሙሉን በእጇ ያዟት። ሙሉ አልታገለችም። ዝግ ባለ ድምፅ «እማዬ፣ ወደ ታች እዪ» አለች።

እትዬ አስካለ አዩ።

የእሳቸውን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። በስተቀኝ አዩ፣ በስተግራ አዩ፣ ዞረው ከኋላቸው አዩ። የሙሉን እጅ ለቀው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እዚያም የለም። ከዚያ አንድ እግራቸውን አነሱና ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ። እንደዚያ ሲያደርጉ ከተነሣው እግር በታች ትንሽ ጥቁር ነገር ታየች። እግራቸውን መለሱ፣ ተሸፈነች። እንደገና አነሱ፣ ታየች።

«አልጠፋም እትዬ አስካለ፣ ከእግርዎ ሥር ገብቶ ነው» አሉ መምህሩ። «ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ከላይ ስለሆነች የሚወድቅበት ቦታ አጥቶ ነው። ትንሽ ቆይቶ በሌላው ወገን ይወጣል።»

«የሁላችሁም?»

«የሁላችንም።»

አጥሩ ሥር የቆመችውን ፍየል አዩ። «የፍየሏም?»

«የፍየሏም።»

ትንሽ አሰቡ። «የማዳምስ?»

«የማዳምም። የጦር አዛዡ የኮማንዳኑም። ዛሬ በዚህ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ደጅ ቢወጣ ጥላው እጎኑ የሚወድቅ ሰው የለም።»

እትዬ አስካለ ሳቁ። አጭር፣ ራሳቸውን ያስደነገጠ ሳቅ ነበር። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና በሽርጣቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ። «አይገርምም መምህር» አሉ፣ «ከዚህ አገር ስንት ዓመቴ ነው፣ ቀትር ላይ ደጅ ቆሜ አላውቅም። ምሳ ነዋ። እሑድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ለምሳ እመለሳለሁ። ወጥቼ ቢሆን'ኮ ድሮ አይቼው ነበር።» መምህር ልሳኑ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉት። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ የገባኝ እንኳ ራሴ የቤት ኃላፊ ሆኜ፣ የራሴን ምሳ በራሴ ሰዓት መብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ዛሬም ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ውስጥ ሆና መጥረጊያ ይዛ የማያት አንዲት ያገሬ ልጅ አለች፣ ጎረቤቴ ቤት የምትሠራ። ሰላም ስላት ቀና ትልና ወዲያው ወደ ውስጥ ታያለች።

«ትማር» አሉ እትዬ አስካለ በመጨረሻ። «የሚያስፈራ ነገር ካለም አውቃው ትፍራ።» እኔና ሙሉ ተቃቀፍን። በዚያ ሙቀት ተቃቅፈን ዘለልን። ከዚያ እትዬ አስካለ በድንገት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምድጃው ላይ ድስት ትተው ነበር የመጡት።

ሁላችንም ተከተልናቸው፣ መምህሩም ጭምር። ፕላቶ ስንደርስ የቪላው የፊት በር፣ ሙሉ እንዳትታይበት የተከለከለው በር፣ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ አንድ ጥቅል ተቀምጧል። አንሶላ ውስጥ የታሰረ የሁለቱ ልብስ ነው፤ የሙሉ ሽንሽን ቀሚስ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ማዳም በረንዳው ላይ ብቅ አለች። አልጮኸችም። «ፊኒ፣ አስካለ» አለች፣ «ፊኒ።» አበቃ ማለቷ ነው። በሩን ዘጋች። ያ ሁሉ ዓመት የታጠበው ሳህን፣ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ ያደጉት ልጆቿ፣ በአንድ ምሳ አለቀ። እኔ ሰው እንዲህ ባለች አጭር ቃል ቤት አልባ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ጥቅሉን አንሥተው አቧራውን አራገፉት። መምህር ልሳኑ «በእኔ ነው፣ በእኔ ነው» ሲሉ ነበር መንገዱን ሁሉ።

እኛ ቤት ገቡ። እናቴ «ሁለቱ ልጆች አንድ ፍራሽ ይበቃቸዋል» አለችና በዚያው ጸደቀ። እትዬ አስካለ ሥራ ፍለጋ ያልሄዱበት በር አልነበረም፤ ማዳም ግን ቀድማ አውርታባቸዋለች፣ ሰውም ምሳ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ አልፈልግም አለ። ሙቀቱ እየጠና፣ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ ፊት እየገረፈ ሄደ። ከዚያ አንድ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ሚስት አሮጊት እናቷን የምታስታምምላት ሴት እንደምትፈልግ ተሰማ። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ወደምትባል ከተማ ሊመለስ ነው፤ ሠራተኛዋን ይዘው ይሄዳሉ፣ ልጅ ግን አይወስዱም። እትዬ አስካለ ያላቸው ምርጫ ይኸው ነበር፤ ወይ ከነልጃቸው ባቡር ተሳፍረው ድሬዳዋ፣ ያለ ሥራ ያለ ትምህርት ቤት፤ ወይ እሳቸው ብቻቸውን ባሕር ማዶ፣ ሙሉ እኛ ጋ፣ ከመምህር ልሳኑ ክፍል። ጥላ ጠፋ ብለው ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስቀሩ የነበሩት ሴት አንድ ቀን አደሩበትና «እኔ እሄዳለሁ» አሉ። እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየቻቸው። አንድም ሰው «አይሂዱ» ያለ የለም፤ ሁላችንም የደነገጥነው አይሂዱ የምንልበት ምክንያት ስላጣን ይመስለኛል።

ሙሉ ተማረች። ኋላ ወደቡ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች፣ አሁን ጡረታ ወጥታ እንደኔው ጉልበቷን ታማርራለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ጠርሙሱ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ስለ ዱቄት መወደድ አወራን። ስለ እናቷ አላነሣንም። ያነሣነው ቀን የለም፤ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ለሁለታችንም ነው።

እትዬ አስካለ የሄዱ ዕለት ሁላችንም አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድን። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኚ የማይከለክል፣ እስከ አጥሩ የሚያስጠጋ ነበር። እትዬ አስካለ እናቴ የሰፋችላቸውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሕይወታቸውን ሙሉ አድርገውት የማያውቁትን የተዘጋ ጫማ አድርገዋል፣ ይነክሳቸዋል። ሐኪሙና ሚስቱ ሻንጣ ያስመዝናሉ፣ አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙሉ ሽንሽን ቀሚሷን ለብሳ ቀጥ ብላ ቆማለች። አላለቀሰችም። ከጥቅሉ ቀን ጀምሮ አንዴም አላለቀሰችም፤ እናቴ በዚህ ትጨነቅ ነበር። መምህር ልሳኑ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ሊቀርቡ አፍረው። እትዬ አስካለ ናቸው የጠሯቸው።

«መምህር» አሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ የምሄድበት አገርም ቀትር ላይ ጥላ ይጠፋል?»

መምህሩ ጥያቄውን አልጠበቁትም። ወደ መሬት አዩ፣ ወደ ሰማይ አዩ። «አይጠፋም እትዬ አስካለ» አሉ። «ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታጋድልበት ልክ አለው፣ ማርሴይ ከዚያ ልክ አልፋ ነው ያለችው። እዚያ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ አታውቅም። በጋም ሆነ ክረምት፣ ቀትርም ቢሆን፣ ጥላዎ ከጎንዎ አይለይም። በብርዱ ወራት እንዲያውም ከእርስዎ ከራስዎ እጥፍ ይረዝማል።»

«በየቀኑ?»

«ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ።»

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። የሐኪሙ ሚስት ከወዲያ «አስካለ» ብላ ተጣራች። እሳቸው ግን ቸኩለው አልሄዱም፣ ቀና ብለው ሙሉን አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው የተረጋጉ መስለው፣

«እሰይ» አሉ። «እንግዲያው አንድ አብሮኝ የሚሆን አለ።»

ሙሉ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።